«ደኅና» ለሚባለው ኳርተርባክ ስንት ይከፈለው?

በአሜሪካ አገር የማርች ወር ሲገባ የፉትቦል ጨዋታ ከቆመ ሳምንታት ያለፉ ቢሆንም፣ የፉትቦል ክርክር ግን ያን ጊዜ ገና ይጀምራል። ምክንያቱም ወሩ የብዙ ተጫዋቾች ውል የሚያልቅበት፣ አዲስ ውልም የሚፈረምበት ወር ስለ ሆነ ነው። በጋዜጣው፣ በራዲዮውና በየመጠጥ ቤቱ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሰውን በሁለት ወገን ከፍሎ የሚያነታርከው ግን አንድ ነው። እጅግ የላቀ ያልሆነ፣ የማይረባም ያልሆነ፣ እንዲያው ደኅና የሚባል ኳርተርባክ ያለው ቡድን፣ ይህ ሰው የታላላቆቹን ያህል ደመወዝ ቢጠይቀው ይክፈለው ወይስ ያሰናብተው?

ነገሩ የጨዋታ ወሬ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ደመወዝ በሚመደብበት ቢሮ አንድ ወር እንኳ ተቀምጦ ያየ ወጣት ሒሳቡ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይገባዋል። «ይህ ሰው ምን ያህል ያስፈልገናል?» ብሎ መጠየቅና «ይህ ሰው ምን ያህል ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

አሜሪካኖች ፉትቦል ብለው የሚጠሩት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር በስም እንጂ በግብር እምብዛም አይገናኝም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘውም በእጅ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ ውስጥ 10 ያርድ፣ ማለት 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ለባላጋራው ይሆናል። በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ ኳሱ በቅድሚያ የሚደርሰው ኳርተርባክ በሚባለው ሰው እጅ ነው። እሱም ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየተንደረደሩበት፣ ሦስት ሰከንድ በማትሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ለማን እንደሚወረውር፣ ወይም ለሯጩ እንደሚያቀብል፣ ወይም ራሱ ይዞ እንደሚሮጥ ይወስናል። የቀሩት አሥር ሰዎች ድካም በዚህ ሰው ውሳኔ ፍሬ ያፈራል ወይም ይባክናል። ስለዚህ ደመወዙ ከሁሉ የበለጠ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ብሔራዊው የፉትቦል ማኅበር በሥሩ ላሉት 32 ቡድኖች ከ1994 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ አውጥቶላቸዋል። የቡድኑ ባለቤት የቱንም ያህል ባለጸጋ ቢሆን ከጣሪያው በላይ እንዳሻው ሊከፍል አይችልም። ጣሪያው በተጀመረበት ዓመት 34 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2023 ግን 224 ነጥብ 8 ሚሊዮን፣ በ2025 ደግሞ 279 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ከዚህ ገንዘብ 53 ሰዎች ይከፈላሉ። እንግዲህ አንድ ሰው በ2023 ከዚህ ላይ 40 ሚሊዮኑን ቢወስድ፣ ለቀሩት 52 ሰዎች በአማካይ ለያንዳንዳቸው ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ይቀራል ማለት ነው። ለአንዱ የተጨመረ ገንዘብ የግድ ከሌላው ላይ የተቀነሰ ነው። የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

በዚህ ላይ በ2011 የተደረገው ስምምነት አዲስ የሚመረጡትን ወጣቶች ደመወዝ በተራ ቁጥራቸው ወስኖ ለአራት ዓመት አሰረው። ከዚያ ወዲህ ጎበዝ ወጣት ኳርተርባክ ያገኘ ቡድን በርካሽ ዋጋ ወርቅ እንደ ገዛ ይቆጠራል። ብሮክ ፐርዲ በ2022 ከተመረጡት 262 ወጣቶች መጨረሻ ላይ የተጠራው ሰው ነበር። በዓመት አንድ ሚሊዮን የማይሞላ ደመወዝ እየተከፈለው፣ ሳን ፍራንሲስኮን በ2024 ፌብሩዋሪ ሱፐር ቦውል እስከሚባለው የዋንጫ ጨዋታ አደረሰው። እሱ የተወው ገንዘብ ሌሎቹን ጠንካሮች ይዞ ለማቆየት ረድቶ ነበር። በ2025 ግን የአምስት ዓመት ውል በ265 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሰውየው ያው ነው፤ በዙሪያው ሊቆሙ የሚችሉት ሰዎች ግን እንደ ድሮው ሊሆኑ አይችሉም።

ይከፈለው የሚሉት ወገኖች ማስረጃቸው ክሊቭላንድ ነው። የዚያ ከተማ ቡድን በ1999 ዳግመኛ ከተቋቋመ ወዲህ በኳርተርባክነት ያሰለፋቸው ሰዎች ከ30 ይበልጣሉ። በ2017 ደግሞ 16 ጨዋታ ገጥሞ 16ቱንም ተሸንፏል። ደኅና የሚባለውን ሰው ያሰናበተ ቡድን መጨረሻው እንዲህ ሊሆን ይችላልና፣ የቡድን ሥራ አስኪያጆች ሌሊት በሕልማቸው የሚያዩት ክሊቭላንድን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አገራችን «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚል አነጋገር አላት። የአሜሪካ ሥራ አስኪያጆችም ተረቱን አይወቁት እንጂ ፊርማቸውን የሚያኖሩት በዚሁ ምክር ነው። ይሁንና ምክሩ ሰይጣኑ ስንት እንደሚያስከፍል አይናገርም።

ይህን የሚያሳይ ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው። ቡድኑ በ2018 ሰይኮን ባርክሌይ የሚባል ሯጭ በሁለተኛ ተራ፣ በ2019 ደግሞ ዳንኤል ጆንስ የሚባል ኳርተርባክ በስድስተኛ ተራ መረጠ። ጆንስ ፈጣንና ትጉ፣ ነገር ግን ውርወራው እምብዛም የማያስደንቅ ወጣት ነበር። በ2022 ቡድኑ የውሉን አምስተኛ ዓመት ለማጽናት የነበረውን መብት ሳይጠቀምበት ቀረ። ይህም «ገና አላመንንህም» ማለት ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ግን ቡድኑ 9 ጊዜ አሸንፎ ለጥሎ ማለፍ በቃ። በጃንዋሪ 15 ቀን 2023 ወደ ሚኒሶታ ሄዶ 31 ለ24 ሲያሸንፍ፣ ጆንስ በውርወራ 301 ያርድ፣ በሩጫ ደግሞ 78 ያርድ አስገኘ። ቡድኑ በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሲያሸንፍ ከ11 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ስለ ነበረ የከተማው ሰው ደስታ ወሰን አልነበረውም። በሚቀጥለው ሳምንት በፊላደልፊያ 38 ለ7 መሸነፉን ግን ብዙ ሰው ሊያስታውስ አልፈለገም።

በማርች ወር ጆንስ የአራት ዓመት ውል በ160 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በዚያው ዕለት ቡድኑ በባርክሌይ ላይ ሌላ ደንብ ሠራበት። ይህ ደንብ ውሉ ያለቀበትን አንድ ተጫዋች ቡድኑ በተወሰነ ዋጋ ለአንድ ዓመት ይዞ እንዲያስቀረው የሚፈቅድ ሲሆን፣ ለሯጭ የተወሰነው ዋጋ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ለአንዱ አራት ዓመት፣ ለሌላው አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ከሁለቱ የትኛው የላቀ ተጫዋች እንደ ሆነ ኒው ዮርክ ውስጥ ልጆችም ያውቁ ነበር። ነገር ግን ሯጭ ይተካል፣ ኳርተርባክ አይተካም የሚለው እምነት አሸነፈ።

በ2023 ጆንስ ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ሁለት የጎል ውርወራ አስገኘ፤ ለባላጋራ እጅ የሰጠው ኳስ ግን ስድስት ነበር። ከዚያም የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ዓመቱን ተኝቶ አሳለፈ። በ2024 ማርች ባርክሌይ ሦስት ዓመት በ37 ነጥብ 75 ሚሊዮን ዶላር ተዋውሎ ወደ ጎረቤቱ ባላጋራ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። የጃያንትስ ባለቤት ጆን ማራ፣ ባርክሌይ ወደ ፊላደልፊያ ቢሄድ እንቅልፍ እንደሚያጡ ለሥራ አስኪያጃቸው ሲነግሩ በቴሌቪዥን ፊልም ላይ ታይተዋል። የፈሩት ደረሰ። ባርክሌይ በኦክቶበር ወደ ቀድሞ ሜዳው ተመልሶ 176 ያርድ ሮጠ፤ ጨዋታውም 28 ለ3 አለቀ። በኖቬምበር ጃያንትስ ጆንስን በመጀመሪያ ከሰልፍ አወጡት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም አሰናበቱት። ከሰልፍ የወጣበት አንዱ ምክንያት፣ ቢጎዳ ቡድኑ ለሚቀጥለው ዓመት 23 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ግዴታ ስለ ነበረበት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት «ያለ እሱ አይሆንም» የተባለው ሰው፣ ጉዳት እንዳይደርስበት ተብሎ እንደ ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ባርክሌይ በዚያ ዓመት 2,005 ያርድ ሮጠ። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025፣ 28 ዓመት በሞላበት በልደቱ ቀን፣ ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሣ እሱም አብሮ አነሣ።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ለደኅናው ኳርተርባክ ምንም አይከፈለው» የሚል ሰው ግን ነገሩን በግማሹ ብቻ አይቶታል። የፊላደልፊያው ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስም ብዙ ሰዎች ከታላላቆቹ ተራ የማያገቡት ሰው ነበር። ቡድኑ ግን በ2023 አምስት ዓመት በ255 ሚሊዮን ዶላር ተዋውሎት ነበር። ልዩነቱ ከአከፋፈሉ ላይ ነው። ለፊርማ የሚሰጥ ገንዘብ በእጅ በአንድ ጊዜ ቢከፈልም፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ እስከ አምስት ዓመት ተከፋፍሎ ሊጻፍ ይቻላል። ፊላደልፊያ ይህን በብልኀት ስለ ተጠቀመበት፣ ዋንጫ በተነሣበት ዘመን የኸርትስ ድርሻ በጣሪያው ላይ የታሰበው ከ14 ሚሊዮን ያነሰ ነበር። በተረፈው ባርክሌይንና ሌሎቹን ገዛ። ዕዳው በኋለኞቹ ዓመታት መምጣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ዋንጫው አስቀድሞ ገብቷል።

አሁን ደግሞ ስለ ተጫዋቹ እንናገር፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና። ኳርተርባኩ ብዙ በመጠየቁ ስግብግብ ነው እየተባለ ይነቀፋል። እኔ ግን ይህን ነቀፌታ አልቀበልም። ዋሽንግተን ከርክ ከዝንስን ደኅና ነው እያለ፣ ረጅም ውል ግን ሳይሰጠው፣ ባርክሌይን ባሰረው በዚያ የአንድ ዓመት ደንብ በ2016 በ20 ሚሊዮን ያህል፣ በ2017 በ24 ሚሊዮን ያህል ያዘው። ከዝንስ በ2018 ወደ ሚኒሶታ ሄዶ የሦስት ዓመት ውል፣ 84 ሚሊዮኑም እስከ መጨረሻው ሳንቲም የተረጋገጠ፣ ተዋዋለ። ዋሽንግተንም ባዶ እጁን ስለ ቀረ አሌክስ ስሚዝን ከካንሳስ ሲቲ አስመጣና አራት ዓመት በ94 ሚሊዮን ጨመረለት። ለራሱ ሰው መክፈል የነፈገው ቡድን ለእንግዳ ከፈለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግን የስሚዝ እግር በጨዋታ መካከል ተሰበረ፤ ቁስሉም መርዞ ሊሞት ደረሰ። 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እግሩ ከመቆረጥ ዳነ፤ በ2020 ወደ ሜዳ መመለሱም ዓለምን አስደነቀ። ሥራው እንዲህ ያለ አደጋ ያለበት ሰው ገንዘቡ እንዲረጋገጥለት ቢጠይቅ ምን ያስነቅፈዋል? መጠየቅ የሱ ፋንታ ነው፤ ማመዛዘን የቡድኑ ፋንታ ነው።

ሚኒሶታ በከዝንስ ተጠቀመ ወይ? ሒሳቡን ላስረዳ። ቡድኑ ከሱ በፊት በነበረው ዘመን፣ ኬስ ኪነም በሚባል ብዙ ባልተወራለት ኳርተርባክ፣ 13 ጨዋታ አሸንፎ ለዋንጫው ጨዋታ አንድ ደረጃ ሲቀረው ተሸንፎ ነበር። ከዝንስ የጎደለውን ያሟላል ተባለ። ስድስት ዓመት ቆየ፤ ውርወራው ያማረ፣ ቁጥሩ የሚያጠግብ ነበር። ለጥሎ ማለፍ የበቁት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በዚያም ያሸነፉት አንድ ጨዋታ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከላይ የተናገርኩት፣ ዳንኤል ጆንስ ባለጸጋ የሆነበት የጃንዋሪ 15ቱ ጨዋታ ነው። በዚያ ቀን ከወዲያ በኩል ተሸንፎ የወጣው ኳርተርባክ ከዝንስ ነበር። ባልቲሞርም ቢሆን በ2013 ዋንጫ ላነሣለት ለጆ ፍላኮ ስድስት ዓመት በ120 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሲከፍል፣ በዚያው ወር የታወቀውን ኳስ ተቀባዩን አንኳን ቦልዲንን ደመወዝህን በ2 ሚሊዮን ቀንስ ብሎ ስላልተስማማ ለሳን ፍራንሲስኮ አሳልፎ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ባልቲሞር ለጥሎ ማለፍ የበቃው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ በነዚህ ሁሉ መካከል ልብ ሊባል የሚገባው የካንሳስ ሲቲ ሥራ ይመስለኛል። በ2012 ሁለት ጊዜ ብቻ አሸንፎ 14 ጊዜ የተሸነፈው ይህ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት አሌክስ ስሚዝን አመጣ። ስሚዝ ጠንቃቃ፣ ኳስ የማያባክን፣ ደኅና የሚባል ዓይነተኛ ሰው ነው። ወዲያው 11 ጊዜ አሸነፉ። በ2014 አራት ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋሉት። ይህም በዘመኑ ከታላላቆቹ ዋጋ ዝቅ ያለ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ለጥሎ ማለፍ በቁ፤ ነገር ግን እዚያ ደርሰው ያሸነፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ቡድን ቢሆን «በየዓመቱ እየደረስን አይደለም ወይ?» ብሎ ይተኛ ነበር። እነዚህ ግን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» እንደሚባለው፣ ስሚዝ እየተጫወተላቸው ሳለ በ2017 ከ27ኛ ተራ ወደ 10ኛ ለመውጣት ብዙ ከፍለው ፓትሪክ ማሆምስን መረጡ። ወጣቱ አንድ ዓመት ከስሚዝ ጀርባ ተቀምጦ ተማረ። የሚገርመው ስሚዝ በዚያው ዓመት በውርወራ ብቃት መለኪያ ከማኅበሩ አንደኛ ወጣ፤ እንዲያም ሆኖ ሸኙት። ማሆምስ በ2020፣ በ2023 እና በ2024 ሦስት ጊዜ ዋንጫ አነሣ።

በበኩሌ ደኅናው ኳርተርባክ ይከፈለው ከሚሉት ወገን ነኝ። ለመላው ዓመት ሜዳ ላይ የሚያሰልፉት ሰው ሳይኖር ደኅናውን ማባረር ጀግንነት ሳይሆን ቁማር ነው። የምቃወመው የፍርሃት ዋጋ ሲከፈለው ነው። በዛሬው ገበያ እያንዳንዱ አዲስ ውል ካለፈው ላይ ተነሥቶ ይወጣል። ዳላስ በ2024 ለዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ከከፈለ በኋላ፣ ከሱ ያነሰ ሁሉ «እኔስ ከሱ በስንት አንሳለሁ?» እያለ ይመጣል። የኳርተርባክ ገበያ ቶሎ መካከለኛ ዋጋ አይገኝበትም፤ ቡድኑ ራሱ ጠንክሮ ተከራክሮ ሊፈጥረው ይገባል። ውሉም አጭር ይሁን። ከሁሉ በላይ፣ ውሉ በተፈረመ ማግሥት ተተኪ ፍለጋው ይቀጥል። ጃያንትስን የጎዳው 160 ሚሊዮኑ ብቻ አይደለም፤ «ኳርተርባክ አግኝተናልና ይህ ጉዳይ ተዘጋ» ብለው መነሣታቸው ነው። አትላንታ በ2024 ለከዝንስ አራት ዓመት በ180 ሚሊዮን በተዋዋለ ማግሥት፣ በሚቀጥለው ወር ማይክል ፔኒክስ የሚባል ወጣት ኳርተርባክ በ8ኛ ተራ ሲመርጥ ብዙ ሰው ሣቀበት። ከዝንስም በዲሴምበር ከሰልፍ ወጣ። ሣቁ ግን ወጣቱን በመምረጡ ላይ መሆን አልነበረበትም፤ ለአሮጌው የተከፈለው ዋጋ ነው የሚያሥቀው።

መካከለኛ ዋጋ የለም ለሚሉኝ ደግሞ አንድ ሰው ላንሣላቸው። ሳም ዳርኖልድ በወጣትነቱ ብዙ ተወርቶለት ያልተሳካለት፣ ከቡድን ቡድን የዞረ ኳርተርባክ ነው። ሚኒሶታ ከዝንስን ካጣ በኋላ በ2024 ለአንድ ዓመት በ10 ሚሊዮን ዶላር ያዘው፤ እሱም 14 ጨዋታ አሸነፈላቸው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ግን ክፉኛ ተሸነፈ። ቡድኑ «ይኸው ልኩ ታወቀ» ብሎ፣ በ10ኛ ተራ መርጦት በጉልበት ሕመም ዓመቱን በሙሉ ሳይጫወት ለቀረው ለወጣቱ ለጄጄ ማካርቲ ቦታውን ሰጠ። ዳርኖልድን ሲያትል ሦስት ዓመት በ100 ነጥብ 5 ሚሊዮን ተዋዋለው። ይህም በዓመት 33 ሚሊዮን ተኩል፣ ከፕሬስኮት ዋጋ ግማሽ ጥቂት ቢያልፍ ነው። በቀረው ገንዘብ ሲያትል ጠንካራ መከላከያውን ጠበቀ። በ2026 ፌብሩዋሪም ሲያትል ኒው ኢንግላንድን አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ሚኒሶታ በዚያው የውድድር ዘመን 9 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ከጥሎ ማለፉ ውጭ ቀረ።